ሁለት አዛዥ ያላት አውሮፕላን

«አዞ ነው! አዞ ነው የበላው!»

ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ከሚራገፍበት ቦታ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረውም። መቶ አለቃ ኃይለመስቀል ከላይኛው ከተማ ከሴቻ በላንድሮቨር ቁልቁል ሲከንፍ ደርሶ እግሩ መሬት ከመንካቱ ሰው እየተሻማ ነገረው። ሟቹ ዳልጮ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። ትናንት ሐሙስ ጠዋት ታንኳውን ገፍቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ዛሬ ማለዳ ውሃው ገፍቶ አምጥቶ ጭቃው ላይ አስተኛው።

ጊዜው ጥር 1972 ዓ.ም. ነው። መቶ አለቃው ከአዲስ አበባ ተዛውሮ አርባ ምንጭ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ስለ አዞ የሚያውቀው ከሰው አፍ የሰማውን ነው። ስለ ሬሳ ግን ብዙ ያውቃል። ተንበርክኮ ሸማውን ገለጠ። እጅም እግርም አልጎደለም። ጭኑ ላይ ጥርስ አርፎበታል፤ ግን ቁስሉ ደም የለውም፤ ከሞተ በኋላ የተነከሰ ነው። ከዚያ የሟቹን ራስ አዞረ። ከማጅራቱ በላይ አናቱ ተሰርጉዷል።

«ኦይታ፣ ና እስቲ።»

አስር አለቃ ኦይታ የጋሞ ልጅ ነው፤ ለመቶ አለቃው ረዳትም አስተርጓሚም ነው። ጎንበስ አለ።

«አዞ ሰው የሚይዘው ከየት በኩል ነው?»

«ከታች ነው ጌታዬ። እግር ይይዝና ይጎትታል።»

«ይኼ ሰው የተመታው ከላይ ነው።»

ኃይለመስቀል ከሟቹ ፀጉር ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ነጭ ነገር በጣቱ ለቀመ። የቀለም ቅርፊት ነች፤ እንደ እንቁላል ቆዳ የጠነከረች። በክብሪት ሳጥን ውስጥ አስቀመጣትና ወደ ዳልጮ ታንኳ ሄደ። ታንኳዋ ባዶ ሆና ቄጠማ ውስጥ ተገኝታለች። ከእንጨቱ መልክ በቀር ሌላ ቀለም አይታ አታውቅም።

ከዛፉ ሥር የሟቹ ሚስት ማሚቱ ከእምነት ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። በቀስታ መዝሙር ይዘው ነበር፤ የፖሊሶቹን ልብስ ሲያዩ አቆሙ። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ዩኒፎርም ባዩ ቁጥር ዝም ማለት ለምዶባቸዋል።

«ዘምሩ በላቸው» አለ ኃይለመስቀል ለኦይታ። «የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።»

*

እስከ ቀትር ድረስ ወሬው ተገልብጦ ነበር። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሰዎች ጣቢያ መጥተው፣ ባለፈው ሳምንት ዳልጮና ገነነ የሚባል ባልደረባው በመረብ ተጣልተው መደባደባቸውን ተናገሩ። ሐሙስ ጠዋት በዚያ የሐይቁ ክፍል ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ገነነ ተያዘ።

የጣቢያው አዛዥ ደስ አላቸው። «አለቀ፤ መቅዘፊያ አንስቶ አናቱን ብሎታል። የማኅበሩን ምርት ለማደናቀፍ የተነሳ ፀረ አብዮተኛ ነው። ሰኞ ወደ ላይ እንልከዋለን።»

በዚያ ዘመን ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ወደ ላይ ከተላከ ወደ ታች አይመለስም። ኃይለመስቀልም ይህን ያውቃል።

«እስከ ሰኞ ጊዜ ይስጡኝ።»

«እስከ ሰኞ! ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቀን አልጨምርም!»

ገነነ እስር ቤቱ ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ አዞ፣ አዞ።

«አዞ መዶሻ ይዞ ይዋኛል?» አለው መቶ አለቃው። የክብሪት ሳጥኑን ከፍቶ ነጯን ቅርፊት አሳየው።

ሰውየው ቅርፊቷን እንዳየ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«የእናንተ መቅዘፊያ ነጭ ቀለም የለውም፤ አንተ አልመታኸውም። ማን እንደመታው ግን አይተሃል። ማነው?»

ገነነ በሩን ተመለከተ፤ ኦይታን ተመለከተ። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ፣ ከከንፈሩ በማያልፍ ድምፅ፣ «መንግሥት» አለ።

ኦይታ ዘሎ በሩን ዘጋው።

«ምን አልክ?» አለ መቶ አለቃው።

«መንግሥት ነው ጌታዬ። የመንግሥት አውሮፕላን። የጥጥ እርሻ፣ ነጯ። ሁልጊዜ ትመጣለች፤ ዝቅ ትላለች፤ እኛን ታስደነግጣለች። እኛ ታንኳ ውስጥ እንተኛለን። ዳልጮ ቆሞ መረብ ይስባል፤ ጀርባው ለሷ ነው። መረቡ ከብዶታል፤ አልዞረም። ጮህኩ! እግሯ መታው። ጎማዋ። ውሃ ውስጥ ገባ። እሷ አልተመለሰችም፤ ሄደች።»

«ለምን እስካሁን አልተናገርክም?»

ገነነ ቀና ብሎ አየው። «መንግሥት ገደለው ብዬ፣ ለመንግሥት ልናገር?»

ኃይለመስቀል የክብሪት ሳጥኑን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ላንድሮቨሩ ሲሄድ ኦይታ በሩጫ ተከተለው።

*

የአውሮፕላን ማረፊያው የሬዲዮ ሠራተኛ ልክነሽ ትባላለች፤ ነገር የማታለባብስ ሴት ነች። ነጯ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን የመንግሥት ጥጥ እርሻው ንብረት መሆኗን፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰው ይዛ መነሳቷን ያለ ማመንታት ነገረችው።

«ማን ማን?»

«ጓድ ሸዋንዳኝና ካሱ። ሸዋንዳኝ የእርሻው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ካሱ የሰብል ባለሙያ ነው። ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ክበብ ገብተው የግል አብራሪ ፈቃድ ያወጡ ናቸው። እርሻው አውሮፕላኗን ጥጡን ከላይ እንዲያዩባት ሰጣቸው።»

«ሁለት አብራሪ ለአንድ ጥጥ?»

ልክነሽ ፈገግ አለች። «ከእርሻው አንድ ሰው ለንግድ አብራሪነት ሥልጠና ውጭ አገር ሊላክ ነው። በአዛዥነት፣ ማለትም የበረራው ኃላፊ ሆኖ፣ የሚፈለገውን የበረራ ሰዓት ቀድሞ የሞላ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። ጉዱን ልንገርህ? ለማኅተም የሚያመጡልኝን የበረራ ደብተር ሳይ፣ ሁለቱም ያንኑ በረራ በአዛዥነት ይጽፉታል። የሐሙሱንም እንደዚያው! እኔ የማውቀው አንድ አውሮፕላን ሁለት አዛዥ እንደሌለው ነው።»

«ሐሙስ ዕለት በሬዲዮ የተናገረው ማነው?»

«ሸዋንዳኝ ነው። ካሱ ትንፍሽ አላለም።»

አውሮፕላኗ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ቆማለች። ኃይለመስቀል በአራት እግሩ ተንበርክኮ ከክንፏ ሥር ገባ። የቀኝ ጎማዋ ሽፋን ተሰንጥቆ ተለጥፏል፤ በላዩ ላይ ትኩስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሽታው አልለቀቀም። ከስንጥቁ ጠርዝ አዲሱ ቀለም ያልሸፈነው ቦታ አገኘ። ከሳጥኑ ያወጣትን ቅርፊት አጠገቡ ያዛት። አንድ ናቸው።

«አገኘንሽ!» አለ፤ ሳያስበው ጎማዋን በጥፊ መታት።

*

ሸዋንዳኝ ቢሮው ውስጥ ተነስቶ ተቀበለው። ቁመናው ያማረ፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ሳቁ የማይርቅ ሰው ነው። ስለ ዳልጮ ሲነገረው ፊቱን አጨፈገገ።

«በስመአብ! እኛ ወፍ የመታን ነበር የመሰለን።»

«መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

«ካሱ ነዋ። ከተነሳንበት እስካረፍንበት መሪው ከእጁ አልወጣም። በሰው ላይ ማሳበቅ ደስ አይለኝም፤ ግን ሕይወት ጠፍቷል።»

«አንተስ ምን ታደርግ ነበር?»

«አጠገቡ ተቀምጬ አገር ሳይ ነዋ! የነጭ ሳር ሜዳ ይነድ ነበር፤ ከአንድ ዳር እስከ ሌላ ዳር። ጭሱ መስኮታችን ድረስ መጣ። የሜዳ አህዮቹ ወደ ውሃው ሲሮጡ ብታያቸው! እሱን እያየሁ ነው እንግዲህ ወደ ፊት ያላስተዋልኩት።»

ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። ኃይለመስቀል ከዚያ ካሱን አገኘው። ካሱ ቀጠን ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው ሰው ነው። ሲጠየቅ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«አዛዡ ሸዋንዳኝ ነው» አለ።

«መሪውን ማን ያዘ አልኩህ እንጂ።»

ካሱ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

«ደብተርህ ላይ አዛዥ ነኝ ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?»

«ጽፌአለሁ።»

«እሱም ጽፏል። ታዲያ ማንኛችሁ ናችሁ ውሸታም?»

«አዛዡ እሱ ነው» አለ ካሱ እንደገና።

«በረራውን ንገረኝ። ምን ምን አየህ?»

ካሱ ስለ አቅጣጫ፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ከፍታ ቁጥር ብቻ ደረደረ። መዞሪያዎቹን ሁሉ በዲግሪ ያውቃቸዋል። ሐይቁ እንዴት ነበር ሲባል ግን «ሰላም ነበር» ብሎ አቆመ።

ወደ ሴቻ ሲወጡ ኃይለመስቀል የላንድሮቨሩን ዳሽቦርድ በጣቱ እየጠበጠበ ያስብ ነበር።

«ኦይታ፣ ይኼ ሰው ስለ እሳቱ አንድ ቃል አልተናገረም። ያን የሚያክል እሳት! እኔ እንጃ፣ አውሮፕላኗ ላይ አልነበረም። ስሙን አስመዝግቦ ቀርቷል። ሸዋንዳኝ ብቻውን ነው የበረረው።»

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ልክነሽ ካሱ ሲሳፈርም ሲወርድም በዓይኗ አይታዋለች። ዘበኛውም አይቶታል፤ እንዲያውም ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ እንደነበር ተናገረ። ሰውየው ነበረ። ነበረ፤ ግን ምንም አላየም። ቅዳሜ በዚህ እንቆቅልሽ አለፈ።

እሑድ ጠዋት ሸዋንዳኝ ለዘመቻ ስብሰባ ትናንት ካምባ ሄዶ እዚያው ማደሩ ተሰማ። ኃይለመስቀል ከአልጋው የተነሳው ሐሳቡን ቆርጦ ነው። ካሱን ከእርሻው ሰፈር አስጠርቶ አውሮፕላኗ ፊት አቆመው።

«የሐሙሱን መንገድ አንድ በአንድ ትወስደኛለህ።»

«ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት በረው ያውቃሉ?»

«በሕይወቴ በርሬ አላውቅም!» አለ መቶ አለቃው፤ ተሳፍሮ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ሳበው።

*

መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሲለቅ ኃይለመስቀል ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። በግራ አባያ ቀይ ውሃውን ዘርግቶ ተኝቷል። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ ጫካ እንደ በግ ለምድ ወፍሮ ከሥራቸው አለፈ። ፍርሃቱና ደስታው ተቀላቅለውበት መቶ አለቃው መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ሳለ፣ ኮረብታውን እንደተሻገሩ ካሱ ድንገት አንገቱን አሰገገ።

«ምንድነው ይኼ?»

ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ከስሏል።

«ሜዳው መቼ ነው የተቃጠለው?» አለ ካሱ።

ኃይለመስቀል መብረሩን ረሳ። ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

«ሐሙስ ጠዋት ነዋ።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ! እሳቱ ሲነድ በላዩ አልፈሃል። ጭሱ መስኮትህ ድረስ መጥቷል። አጠገብህ የነበረው ሰው የሜዳ አህያ ሲሮጥ ቆጥሯል። አንተ የት ነበርክ ካሱ? ዓይንህ የት ነበር?»

ካሱ እጁ ከመሪው ላላ። የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ታች ዘመመ።

«ያዝ! በማርያም፣ ያዝ!»

ካሱ ያዘ፤ አቃናት። ጉንጩ በእንባ ርሶ ነበር።

«ተሸፍኖ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ዓይኔ። ከካርቶን የተሠራ ግርዶሽ አለን፤ እንደ ኮፍያ ይጠለቃል። ያጠለቀው ሰው ፊት ለፊቱ ካሉት መሣሪያዎች በቀር ምንም አያይም። ደመና ውስጥ እንደመብረር ነው፤ ለሥልጠናው ይፈለጋል። እንደተነሳን አጠለቅኩት፤ ልናርፍ ስንል ነው ያወለቅኩት።»

«ታውረህ ታበር ነበር?»

«ሌላው ዓይን ይሆናል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሁለት የግል አብራሪዎች ሲሆኑ አንዱ ተሸፍኖ መሪ ይይዛል፤ ሌላው ውጭ ውጭውን ያያል። የሚያየው አዛዥ እንዲሆን አስቀድመው ከተስማሙ ሰዓቱ ለሁለቱም ይጻፋል። ለኔ በእጄ፣ ለሱ በዓይኑ። ሸዋንዳኝ ‹እኔ አዛዥ ነኝ፣ አንተ ዓይንህን ሸፍን› አለኝ፤ እሺ አልኩ። አልዋሸንም ጌታዬ። ሁለታችንም በደብተሩ ላይ የጻፍነው እውነት ነው።»

ኃይለመስቀል ከሦስት ቀን ጀምሮ ሲያሳድደው የነበረው ውሸት በአንድ ጊዜ ከእጁ አመለጠ፤ በምትኩ እውነቱ ጭኑ ላይ ወደቀ። መሪውን የያዘው ካሱ ነው። አዛዡ ሸዋንዳኝ ነው። ሁለቱም የነገሩት እውነት ነበር።

«ታዲያ ይህን ለምን ደበቅኸኝ?»

«ነዳጁ የመንግሥት ነው። ለጥጥ ቁጥጥር የተፈቀደ ነዳጅ ለግል ልምምድ አዋልን። ‹ግርዶሽ የሚል ቃል ከአፍህ ከወጣ በኢኮኖሚ አሻጥር ሁለታችንም እንጠፋለን› አለኝ። አመንኩት።»

«ሞኝ! ያ ካርቶን እኮ ላንተ ምስክርህ ነበር። ገደል የሚከተው እሱን ነው።»

ጫሞ ከፊታቸው ብልጭ አለ። ካሱ ወደ ሐይቁ እያየ ቀጠለ።

«‹ዝቅ በል› አለኝ፤ ዝቅ አልኩ። ‹ጨምር› አለኝ። የከፍታው መርፌ ውሃው እንደቀረበን ሲያሳየኝ ‹አይበቃም?› አልኩት። ‹ገና ነው፤ እኔ አያለሁ› አለኝ። ይስቅ ነበር። ግርዶሹን ሳነሳ ውሃው አፍንጫዬ ሥር ሆኖ እንድደነግጥ ነው የፈለገው። ከዚያ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ‹ወፍ ነው፤ ሽቅብ ውጣ!› አለኝ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።»

*

ሲያርፉ የእርሻው ጂፕ አቧራውን እያጨሰ ደረሰ። ሸዋንዳኝ ከካምባ ተመልሶ ነው፤ ከአውሮፕላኗ ማን እንደወረደ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ወዲያው ሳቁን መለሰ።

«ጓድ መቶ አለቃ! ያለ ፈቃድ የሕዝብ ንብረት ማንሳት ጀመርክ?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ሐሙስ ዕለት አዛዡ ማን ነበር?»

«ነግሬሃለሁ። መሪው በካሱ እጅ ነበር!»

«መሪውን መያዙን ካሱ አምኗል። ዓይኑስ በማን እጅ ነበር?»

ልክነሽ ከሬዲዮ ክፍሏ ወጥታ በረንዳው ላይ ከዘበኛው አጠገብ ቆመች። ሸዋንዳኝ ወደ ካሱ ዞሮ አፈጠጠ።

«ምን ቀባጠርክ አንተ?»

«ግርዶሹን ነገርኳቸው።»

«ምን ግርዶሽ? የት አለ? አምጣው!» ሳቁ አሁን ጮኸ። «መቶ አለቃ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ታውቃለህ? ማታውን ስልክ ብደውል ነገ ይኼ ማዕረግ ትከሻህ ላይ አያድርም።»

«ደውል። እኔ ግን የፈረምክበትን ቃል ይዣለሁ። እሳቱን አይተሃል፤ ጭሱን አይተሃል፤ በዚያ ሁሉ ርቀት የሜዳ አህያ አይተሃል። ካሱ ሜዳው መቃጠሉን ያወቀው ዛሬ፣ እኔ ፊት ነው። አንተ ያላየኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፍንጫህ ሥር የቆመ ሰው! ማን ያምንሃል?»

«ቀልድ ነበር!» አለ ሸዋንዳኝ። ቃሉ ካፉ አምልጦ የወጣ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ሌላው ተከተለው። «ይተኛል ብዬ ነው እንጂ! ሁልጊዜ ይተኛሉ! እንደመጣን ሲያዩ ታንኳቸው ውስጥ ልጥፍ ነው የሚሉት። ይኼኛው አልተኛም፣ ምን ላድርግ?»

በረንዳው ላይ ልክነሽ አፏን በእጇ ያዘች።

ኃይለመስቀል በቀስታ፣ «አየኸው ማለት ነው» አለ።

ኦይታ ካቴናውን ይዞ ሲቀርበው ሸዋንዳኝ እጁን አልሰበሰበም።

*

ስልኩ አልቀረም፤ የሸዋንዳኝ ሰዎች ማታውን ደወሉ። የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃውን አስጠርተው ብዙ ጮኹበት። ግን ልክነሽ የሰማችውን ጽፋ ፈርማ፣ ዘበኛውም ጣቱን አትሞ አድሮ ነበር። አዛዡ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያንን ዓሣ አጥማጅ ፍታው» አሉ በመጨረሻ።

ገነነ ከእስር ቤቱ ሲወጣ አላመነም። ከሴቻ እስከ ታችኛው ከተማ እስከ ሲቀላ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው፤ ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና እስኪመስል።

ካሱም ቢሆን ተጠያቂነት አልቀረለትም፤ የነዳጁም፣ የእጁም ነገር ይጠብቀዋል። ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ለመነ።

«ሚስቱ ዘንድ ውሰዱኝ።»

ማክሰኞ ኃይለመስቀልና ኦይታ ይዘውት ወረዱ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከማሚቱ ደጅ የእርቅ ምልክት የሆነውን ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር። ካሱ መሬት ላይ ተንበረከከ። ኦይታ በጋሞኛ ተረጎመለት።

«እጄ ነው» አለ ካሱ። «ዓይኔ ተሸፍኖ ነበር፤ አላየሁትም። ግን እጄ ነው።»

ማሚቱ ካሱን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ኦይታ ተረጎመው።

«ዓይን የነበረውስ ለምን አልመጣም?»

«ታስሯል» አለ ኃይለመስቀል።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ገብታ ቅል ውሃ ይዛ ወጣችና ካሱ ፊት አኖረችው።

«ሲፈታ ይምጣ በሉት» አለች። «እሱም መምጣት አለበት።»

ካሱ ቅሉን በሁለት እጁ አነሳ። አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ከሥር ደገፈለት፤ እስኪጠጣም ድረስ አልለቀቀውም።